ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ከርነሉ የት እንደሚውል በፐርፍ መመዝገብ

የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ጎንደር ውስጥ የአንድ ሆቴል ክፍል ማስያዣ ሰርቨር ተንቀራፏል እንበል። ቶፕን (ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ከፍታችሁ «ኤስ ዋይ» የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ካያችሁ ፕሮሰሰሩን የያዘው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ነው። ከርነሉ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) እንደያዘው ለማወቅ ፐርፍ የተባለው የሊኑክስ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ምዝገባው ደግሞ ጫናው እያለ መወሰድ አለበት፤ እንግዳው ተስተናግዶ ማሽኑ ካረፈ በኋላ የሚገኘው ስለ ችግሩ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ፐርፍን አስቀድማችሁ ጫኑ። ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁ «ሊኑክስ ቱልስ ጀነሪክ» ይባላል። ፐርፍ አሁን እየሠራ ላለው ከርነል አልተገኘም ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አዲስ ከርነል ተጭኖ ማሽኑ ሪስታርት አለመደረጉ ነው። «ዩኔም -አር» የሚያወጣውን እየሠራ ያለውን የከርነል ቁጥር የያዘውን የሊኑክስ ቱልስ ፓኬጅ ጫኑ።

ትዕዛዙ (በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ኤፍ ትልቋ ናት)፦

ሱዶ ፐርፍ ሪኮርድ -ኤፍ 99 -ኤ -ጂ -- ስሊፕ 30

«-ኤፍ 99» በሰከንድ 99 ጊዜ ናሙና ይወስዳል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ምን እየሠራ እንዳለ ያያል፤ «-ኤ» ሁሉንም ፕሮሰሰር ይይዛል፤ «-ጂ» ማን ማንን እንደጠራ ይመዘግባል። በሰከንድ 100 ሳይሆን 99 የተመረጠው በእኩል ልዩነት ከሚነቃ ሥራ ጋር እግር በእግር እንዳይሄድ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ይይዘዋል ወይም ጨርሶ ያመልጠዋል። በ30 ሰከንድ ከአንድ ፕሮሰሰር ቢበዛ 2,970 ያህል ናሙና ይገኛል። ይበቃል። ምዝገባው የሚቀመጥበት ፋይል መጠን በትክክል የሚጻፈው ምዝገባው ሲያበቃ ስለሆነ፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ፐርፍ ፋይሉ በአግባቡ አልተዘጋም ብሎ ያማርራል። ሰዓት ሙሉ ከመመዝገብ 30 ሰከንዱን ደጋግሞ መውሰድ ይሻላል።

ውጤቱን በ«ሱዶ ፐርፍ ሪፖርት --ኖ-ችልድረን» ክፈቱ። በቅንፍ «ኬ» ያለባቸው መስመሮች የከርነሉ ናቸው። በስም ፈንታ አድራሻ ብቻ ከታየ የከርነሉን አድራሻዎች የሚደብቀው ቅንብር «ከርነል.ኬፒቲአር_ሪስትሪክት» 2 ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በሲስሲቲኤል ትዕዛዝ ወደ 0 አውርዱትና እንደገና መዝግቡ፣ ስትጨርሱ ወደነበረበት መልሱት።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ነው። የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ለቨርቹዋል ማሽኑ ካልተሰጠ ፐርፍ «ሲፒዩ ክሎክ» በተባለው የሶፍትዌር ሰዓት ይቆጥራል። ይህ ሰዓት ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ምልክት) ተዘግቶ የሚሠራውን ኮድ ማየት አይችልም፤ ናሙናው ኢንተረፕት በተከፈተባት ቅጽበት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከላይ ኢንተረፕትን መልሶ የሚከፍተው «ስፒን አንሎክ አይአርኪው ሪስቶር» ገንኖ ቢወጣ ጥፋተኛ አታድርጉት፤ የጠራውን ፈንክሽንና ከእሱ በፊት ያለውን ኮድ መርምሩ።

ቶፕ ላይ ከፍ ያለው «ደብሊው ኤ» ከሆነ ግን ሥራው ዲስክ እየጠበቀ ነው፤ ይህ ምዝገባ የሚይዘው ፕሮሰሰር ላይ ያለን ኮድ እንጂ የተኛን ስላልሆነ «ፐርፍ ስኬድ ሪኮርድ»ን ተጠቀሙ። ጥር 11 ሳይደርስ፣ ሰርቨሩ ጸጥ ባለበት ቀንም አንድ ምዝገባ «-ኦ» ብላችሁ በሌላ ስም አስቀምጡ፤ የጫናው ቀን ሲመጣ «ፐርፍ ዲፍ» ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያወዳድርላችኋል።