ለሰው እያሰብን የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት ጓደኛዬ ሥራዋ እንዳስመረራት ስታወራኝ፣ ገና ሳትጨርስ ሦስት መላ ደረደርኩላት። አለቃሽን አናግሪው፣ ዕረፍት ውሰጂ፣ ሲቪሽን አስተካክዪ። ዝም ብላ አየችኝና "እኔ እኮ የሚሰማኝ ሰው ነበር የፈለግኩት" አለችኝ። የሰው ችግር ስሰማ እጄ ወዲያው መፍቻ እንደሚፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሳይጠየቁ መምከር

ምክሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ላይሠራ ይችላል። ጃክ ብሬም የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ሰው ምርጫው የተነጠቀ ሲመስለው ነፃነቱን ለማስመለስ እምቢ ይላል። "ሲጋራ አቁም" ስንለው ሌላ የሚለኩሰው ወዳጃችን ለክፋት ላይሆን ይችላል። "ልስማሽ ወይስ አብረን መላ እንፈልግ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መጀመሪያ ትንሽ ያሳፍራል፤ ይለመዳል።

የሰውን ኃላፊነት መሸከም

የሚጠጣ ወንድም ያለው ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዕዳውን መክፈል፣ ለአለቃው "አሞታል" ብሎ መዋሸት፣ ጠርሙስ መደበቅ። በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አል-አኖን የጠጪዎች ቤተሰቦች የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው። እዚያ የሚባለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ሱሱን እናንተ አላመጣችሁትም፣ አትቆጣጠሩትም፣ አታድኑትም። ስሰማው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ግን አትውደዱት የሚል የለበትም። አብሮ መብላት፣ ስልኩን ማንሳት፣ "ልታከም" ያለ ዕለት አብሮ መሄድ ሁሉ ይቻላል። በእሱ ፈንታ ማቆም ነው የማይቻለው።

(ሰውየው ራሱን ሊጎዳ ነው ብለን ከሰጋን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ቶሎ እርዳታ መጥራት ነው።)

"ሄጄስ ምን ልፈይድ?" ብሎ መቅረት

የመካሪው ተቃራኒ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ካላዳንኩ አልጠቅምም ማለት ነው። ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን የሕሙማን መንከባከቢያ ሲከፍቱ፣ ከበሽታቸው ለማይድኑ ሰዎች ብዙ የሚሠራ ነገር እንዳለ አሳይተዋል። ሕመሙ ይታገሣል፣ ፍርሃቱ ይደመጣል፣ ቤተሰቡም ይታሰባል። እኛ ሐኪም ባንሆንም ትራስ ማስተካከልና አጠገብ መቀመጥ አያቅተንም።

ለውጡን መቁጠር

"ትናንት አጽናንቻት ዛሬም ታለቅሳለች!" ብሎ መናደድ። ሐዘን ቀጠሮ አያከብርም።

ችግሩን ይዞ መተኛት

ሌሊት የሰው ጉዳይ ሲመላለስብኝ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ነገ እኔ ላደርገው የምችለው ምን አለ? ካለ እጽፈዋለሁ። ከሌለ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም።

ያቺ ጓደኛዬ አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት ናት። ባለፈው ደውላ አርባ ደቂቃ አወራች። እኔ "እሺ፣ ከዚያስ?" ብቻ ነበር የምላት። የሲቪው ነገር ግን አፌ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።