የአዳማ ቤት ለምን ይግላል? የመብራት ካርዱስ ለምን ቶሎ ያልቃል? ችግርና መፍትሄ

አዳማ ላይ ቤቱ የጋለበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ቬንትሌተር ወይም ኤር ኮንዲሽነር ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሙቀቱ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ማሽን መግዛት ግን በርሜሉ እየፈሰሰ ውሃ መጨመር ነው። በአብዛኛው የብሎኬት ቤት ሙቀቱ የሚገባው ከላይ፣ በቆርቆሮው በኩል ነው። ስለዚህ ፍተሻውም ጥገናውም ከጣሪያ ይጀምር።

ለፍተሻው ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሜትር፣ ደብተርና ትንሽ እጣን ይበቃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሰማዩ የጠራባቸውን ሦስት ተከታታይ ቀናት ይምረጡ። አንዱን ቴርሞሜትር ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ውጭ ጥላ ውስጥ ይስቀሉ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ይመዝግቡ። በሌዘር ጠቋሚ የሚለካ ቴርሞሜትር ካለዎት ጥሩ ነው፤ ግን በሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ወይም ፎይል ላይ በቀጥታ አይለኩ። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት በደንብ ስለማይረጭ ንባቡ ከእውነተኛው በብዙ ዝቅ ይላል። ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው፣ ፕላስተሩ ላይ ይለኩ።

ምልክት፦ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት ክፍሉ ከውጭው ጥላ ይበልጥ ይሞቃል፤ ራስ ላይ ይጋረፋል

ወንበር ላይ ቆመው ኮርኒሱን በእጅ ይንኩ፤ ከዚያ የውስጠኛውን ክፍልፋይ ግድግዳ ይንኩ። ኮርኒሱ ከግድግዳው በግልጽ ከሞቀ፣ ቴርሞሜትር ካለም ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከበለጠ፣ ጥፋተኛው ጣሪያው ነው፤ ወደ መስኮት መሄድ አያስፈልግም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ስለሌለው ታፍኖ ይግላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የጋለው ቆርቆሮ እንደ እሳት ፍም ሙቀቱን በጨረር ወደ ታች ይረጫል። አየር ማስወጫ የመጀመሪያውን ያስታግሳል እንጂ ሁለተኛውን አያቆምም። “ቀዳዳ አስከፍቼ ለውጥ አላየሁም” የሚባለው ለዚህ ነው።

አየር ማስወጫውን እንዲህ ያስሉ። የኮርኒሱን ስፋት ለ150 ያካፍሉ። 60 ካሬ ሜትር ኮርኒስ 0.4 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ ወንፊት ሲለጠፍበት ግማሹ ያህል ስለሚደፈን የሚቆረጠው 8,000 መሆን አለበት፤ ይህም 30 በ30 የሆነ 9 ቀዳዳ ማለት ነው። አምስቱ ዝቅ ብለው በጣሪያው ጫፍ ሥር፣ አራቱ ከፍ ብለው በሁለቱ ጎኖች ሦስት ማዕዘን አናት ላይ ይሁኑ። ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ ከሆኑ አየሩ ባለበት ይቆማል። ዝናቡን ነፋስ እየገፋ ስለሚያስገባው ወደ ታች ያዘነበለ የቆርቆሮ ቅጠል ይደረግባቸው፤ ወንፊቱም ለወፍና ለሌሊት ወፍ ሲባል አይቅር።

ለጨረሩ ርካሹ መድኃኒት ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ከበቃ ይህን ያስቀድሙ። የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይን መመለስ ቢችልም የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ አይለቅም፤ ዝጎ ሲጠቁር ደግሞ መመለሱንም ይተዋል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያደርጋል።

ሥራው የሚበላሸው በቀለም ምርጫ ነው። የዘይት ቀለም አዲስ ቆርቆሮ ላይ በቀጥታ ከተቀባ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ከሥሩ እንደ ሳሙና ያለ ንጣፍ ይሠራል፤ ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ይላጣል። ስለዚህ ቆርቆሮውን በሳሙና ውሃ አጥበው ያድርቁ፣ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ያስቀቡ፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጠን የውጭ አክሪሊክ ነጭ ቀለም ሁለት እጅ ያስደርጉ። የዛገው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ይቀድመው። 60 ካሬ የወለል ስፋት ያለው ቤት ጣሪያው ከነጫፉና ከነሽንሽኑ 90 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ 1 ሊትር 9 ካሬ ሜትር ቢሸፍን ለሁለት እጅ 20 ሊትር ይፈጃል። ቅቡ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ፤ ከዚያ በኋላ የጋለው ቆርቆሮ ቀለሙን ሳይይዝ ያደርቀዋል፣ ነፋሱም አቧራውን ይለጥፍበታል። ቀቢው የሚረግጠው ምስማር በተመታበት መስመር፣ ሞራሌው ላይ ብቻ ነው። አቧራው ነጩን ስለሚያደበዝዘው በዓመት አንዴ ይታጠብ።

ከበጀቱ ከተረፈ የሙቀት መከላከያ ይጨምሩ። ፎይል የሚሠራው በሚያብለጨልጨው ፊቱ በኩል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው። ኮርኒስ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መዘርጋት አዳማ ላይ ብክነት ነው፤ አቧራ ሲለብስ ማብለጭለጩ ይጠፋል። ከሞራሌው ሥር ፊቱን ወደ ታች አድርገው ያስወጥሩት። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና የተላጠ ሽቦ እንዳይነካው አስቀድመው ያስፈትሹ። ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሳይ መከላከያ) ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ይመረጣል፤ ተጨፍልቆ 5 ከሆነ የከፈሉበት ግማሽ ያህሉ ጠፋ። ዕቃ የሚታሸግበት ዓይነት ነጭ ፎም ሙቀት ይከላከላል፣ ነገር ግን በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሽቦ በሚያልፍበት ኮርኒስ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ምልክት፦ ቀን ደህና የነበረው መኝታ ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይግላል

በአብዛኛው ምዕራብን የሚያይ ክፍል ነው። ብሎኬቱ ከሰዓት የጠጣውን ፀሐይ ጥቂት ሰዓታት ዘግይቶ ወደ ውስጥ ይለቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ ለብ ካለ ምርመራው አልቋል።

መስኮቱ ላይ ከንፈር፣ ማለትም ከመስኮቱ በላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥላ፣ ማሠራት እዚህ አይጠቅምም። ምክንያቱ በስሌት ይታያል፦ በመጋቢት አጋማሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል 1.2 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ለመጋረድ 2 ሜትር የሚወጣ ከንፈር ያስፈልጋል። ደቡብ ፊት ግን በታኅሣሥ ቀትር 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ለምዕራቡ የሚሠራው ቀጥ ብሎ የሚቆም ግርዶሽ ነው፦ ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ የቆመ ሸምበቆ፣ ሽቦ ላይ የሚወጣ ሐረግ፣ ወይም ወደ ላይ የሚጠቀለል ሰሌን ከውጭ በኩል። ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ብርሃኑን ይከለክላል እንጂ ሙቀቱን አይደለም፤ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ ነው።

ምልክት፦ ሌሊት ውጭ ቀዝቅዞ ቤቱ አይቀዘቅዝም

ይህ ያሳዝናል፤ አዳማ የሌሊት ነፋስ የሞላባት ከተማ ናት። አጠገቧ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 ሜጋ ዋቱ አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋቱ አዳማ ሁለት፣ የተተከሉት ለዚሁ ነፋስ ነው።

እጣን አጭሰው ክፍት መስኮት አጠገብ ይያዙ። ጭሱ ካልተጎተተ አየሩ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ አናት ላይ፣ ወይም ከበሩ በላይ፣ 20 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንፊትና ፍርግርግ ያለው መክፈቻ ያሠሩ። ሌባን ለሚፈራ ከፍ ያለ ጠባብ መክፈቻ ከተከፈተ መስኮት ይሻላል። ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ ወንፊት አይነሳም፤ አቧራ የደፈነው ወንፊት ግን ነፋስ አያሳልፍምና በየወሩ ይታጠብ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምረው ይክፈቱ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ዘግተው መጋረጃውን ይሳቡ። ቀን ሙሉ ከፍቶ መዋል ሙቀቱንና አቧራውን አብሮ መጋበዝ ነው።

ምልክት፦ ኤር ኮንዲሽነሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ክፍሉ አይበርድም

ማሽኑ ወይስ ክፍሉ? ከ15 ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚስበውንና የሚተፋውን አየር ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የጣሪያው ወይም የክፍተቱ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር በር ሥር ያለ የ1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ነው፤ በላስቲክ ይደፈን። ልዩነቱ ከ8 ካነሰ መጀመሪያ ማጣሪያውን ይጠቡ፤ በዚህ አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ማየት ግድ ነው። ቀጥሎ የውጭው ክፍል በፀሐይ ተመትቶ ወይም ከግድግዳ ተጣብቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ጋዝ ማስሞላት የመጨረሻው ነው፤ ጋዝ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለና ሳይደፈን አያስሞሉ።

ምልክት፦ ካርዱ ወር ሳይሞላ ያልቃል

ካርድ ቆጣሪው ላይ የምትብለጨለጨው መብራት ትናገራለች። አጠገቧ ስንት ብልጭታ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። 1,000 ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው አንዱን ዕቃ ብቻ ያብሩ፤ 10 ብልጭታ በ12 ሰከንድ ከቆጠሩ ዕቃው 3 ኪሎ ዋት እየሳበ ነው (3,600 በ10 ተባዝቶ፣ ለ12 በ1,000 ብዜት ተካፍሎ)። ሁሉም ማብሪያ ጠፍቶ፣ ዕቃውም ሁሉ ከሶኬት ተነቅሎ መብራቷ ማብለጭለጭ ከቀጠለች ኤሌክትሪክ እየሾለከ ወይም ከእርስዎ መስመር ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው፤ በዚያው ቀን ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

የ3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በሳምንት ሁለቴ ለ1 ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት አንዴ መጋገር ሁለተኛውን ማሟሟቂያ ያስቀራል፤ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ምጣዱ ጠፍቶ በቀረው ግለት ይበስላሉ። 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ22 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ከሆነ ከመታጠብዎ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ማብራት ይበቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሮቶው ውሃ በፀሐይ ለብ ስላለ ማታ መታጠብ ከጠዋት ይረክሳል።

ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ ሌላ ምክንያት አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በ50፣ በ100፣ በ200 እያለ እስከ ከ500 በላይ በደረጃ ይጨምራል፤ አምስት ቤተሰብ ሲደመር ሁሉም ውድ ደረጃ ውስጥ ይገባል። የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ከማንኛውም አምፖል ለውጥ ይበልጣል።

ማቀዝቀዣ ሲያርፍ የማይሰማ ከሆነ የበሩን ላስቲክ በብር ኖት ይፈትሹ፤ ተዘግቶ ኖቱ ያለትግል ከወጣ ላስቲኩ ይቀየር። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁት።

ምልክት፦ መከላከያ ከተደረገ በኋላ ክረምት ንጋት ላይ ከኮርኒስ ውሃ ይንጠባጠባል

ቆርቆሮው የሚያፈስ ይመስላል፤ ባልዘነበበት ሌሊትም ከመጣ ግን ላብ ነው። ቆርቆሮው ሌሊት ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ ከማድቤትና ከሻወር የወጣው እንፋሎት እዚያ ውሃ ይሆናል። ሠራተኛው መከላከያውን ሲያስገባ የጣሪያውን ጫፍ ቀዳዳዎች ደፍኗቸው ይሆናል። መከላከያውን ከጫፉ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገፉ፣ የማድቤቱን ጭስ ማውጫ ከኮርኒሱ በላይ ሳይሆን ከቆርቆሮው ውጭ ድረስ ያስረዝሙ፣ የረጠበውንም ግላስ ዉል ሳይደርቅ መልሰው አያልብሱ።