ንዝረቱ መንገድ ሲያስት፦ ችግርና መፍትሄ

የምናባዊ እውነታ መነጽር ያጠለቀ ሰው በንዝረት እየተመራ መንገድ ከሳተ፣ የፕሮግራሙ ሠሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ንዝረቱን ማበርታት ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው።

“ምንም አይሰማኝም”

የሚነዝረውን የእጅ መቆጣጠሪያ ባትሪ ካዩ በኋላ የጊዜ መለኪያውን ይፈትሹ። ዩኒቲ (የጨዋታና የምናባዊ እውነታ መሥሪያ ሶፍትዌር) የንዝረቱን ርዝመት በሰከንድ፣ ኦፕንኤክስአር (ፕሮግራሙን ከመነጽሩና ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኝ የጋራ መስፈርት) ደግሞ በናኖ ሰከንድ ይቀበላል። 100 ሚሊ ሰከንድ ፈልጎ ኦፕንኤክስአር ላይ 100 ብሎ የጻፈ ሰው ሞተሩ ንቅንቅ ለማለት እንኳ የማይበቃው ጊዜ ሰጥቶታል። ትክክለኛው ቁጥር 100,000,000 ነው። በዚህ ስህተት ደህናውን መቆጣጠሪያ ፈትቼ አውቃለሁ።

“መጀመሪያ ይሰማኝ ነበር፣ አሁን ጠፋ”

ቆዳ የማያቋርጥ ንዝረትን ይለምዳል፤ የለበስነውን ልብስ እንደምንረሳው ማለት ነው። አጫጭር ምቶችን በመሃላቸው እረፍት እየሰጡ ይላኩ። መንገዱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ጭራሽ ባይላክም ይሻላል።

“ቀኝ ነዘረኝ፣ ቀኝ ሄድኩ፣ ተሳሳትኩ”

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ሁለት መንስኤ አለው። አንደኛው የትርጉም ነው። ሰው ትከሻችንን ሲነካን ወደ እሱ እንዞራለን፤ እሾህ ሲነካን እንሸሻለን። ታዲያ ቀኝ ጎን ላይ የመጣው ንዝረት “ና” ነው ወይስ “ራቅ”? አንዱን መርጠው ገና ሲጀመር ያለማምዱት። ለእንቅፋት ፈጽሞ የተለየ ምት ይስጡ።

ሁለተኛው ሥውር ነው። ንዝረቱ የሚሰማው ወገብ ላይ ባለ ቀበቶ ሆኖ አቅጣጫው የሚሰላው ከመነጽሩ ከሆነ፣ ሰውየው አንገቱን ወደ ቀኝ ባዞረ ቁጥር ከፊቱ ያለው ግብ ግራ ጎኑን ይነዝረዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅስ አንገቱን ብቻ ያዙር። የሚነዝረው ቦታ ከተቀያየረ ጥፋቱ እዚህ ነው። ቀበቶው ላይ የአቅጣጫ መከታተያ ይግጠሙ፤ ከሌለ ንዝረቱን ወደ ጭንቅላት ያዛውሩት።

“የትኛው ሞተር እንደነዘረ አላውቅም”

የጣት ጫፍ በጥቂት ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ይለያል፤ ጀርባ ግን ሴንቲ ሜትሮችን ይፈልጋል። ተቀራራቢ ሞተሮች አብረው ሲነዝሩ መሃላቸው ላይ እንዳለ አንድ ነጥብ ይሰማሉ። ያራርቋቸው፤ ወይም በተራ ያንዝሯቸው።

“ስንቀሳቀስ አይሰማኝም”

የሚንቀሳቀስ እጅ ንክኪን የመለየት አቅሙ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ኃይል መጨመር ተገቢ ነው፤ እጁ እስኪያርፍ ጠብቆ መላክ ግን ይበልጣል።