የጓሮ ቃሪያ ችግርና መፍትሄ

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ፦ ቃሪያ ሊሞትባቸው ሲል ከሚጠሩኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው። ምክንያቱ የውኃ ብዛት ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ በውኃ ከተሞላ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ ስለማይስብ ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ባለቤቱም አዝኖለት ይጨምርለታል። አንዲት ጎረቤቴ ጠዋትና ማታ ታጠጣ ነበር። ማሰሮውን ስገለብጠው ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ በጣት ሲነካ ልጡ ይገፈፋል፣ ሽታው አያስጠጋም። ሌላው ደግሞ የሚያምር ማሰሮ ገዝቶ ጠራኝ፤ ከታች ቀዳዳ የለውም! እንዲህ ያለውን ዕቃ ለተክል ብሎ የሚሸጥ ሰው አያፍርም?

ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። እርጥብ ከሆነ፣ ቅጠሉ ቢለምንዎትም አያጠጡ። ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ አጠጥተው ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ይድፉ። ነጭ ሥር ከተረፈው ተስፋ አለ፦ ቡናማውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው፣ ውኃ በሚያሳልፍ አዲስ አፈር ይትከሉት፤ አበባና ፍሬውንም ይቀንሱለት። ማዳበሪያ አይጨምሩ። ደግሜ እላለሁ፣ በታመመ ሥር ላይ ማዳበሪያ አይጨምሩ! ነጭ ሥር ጭራሽ ከሌለ ነቅለው ይጣሉት። በቀትር ጠውልጎ ምሽት ላይ ቀና የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት እንጂ በሽታ የለበትም።

አበባው ከረገፈ፦ ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ያጋጥማል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ቅጠሉ እንደ ጫካ ለምልሞ ፍሬ ከጠፋ ግን ዩሪያውን ያቁሙ።

የፍሬው ጫፍ ከጠቆረ፦ ካልሲየም አልደረሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንዴ አድርቆ አንዴ ማጥለቅለቅ ነው። የእንቁላል ቅርፊት መበተን ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም።

ቅጠሉ ከተጨማደደ፦ ገልብጠው ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካዩ በውኃ ግፊት ያጥቡት።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ምግቡ ከልክ በላይ ካቃጠለ ዘሩን አይውቀሱ። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚበዛው ዘሩን በያዘው ነጭ የውስጥ ክፍል ነው፤ ከመክተፍዎ በፊት እርሱን ፍቀው ያውጡ። ካፕሳይሲን በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ አፍዎን ወተት እንጂ ውኃ አያበርድልዎትም። እጅዎን በዘይት አሽተው በሳሙና ይታጠቡ። ዓይንዎን አይንኩ፤ ከታጠቡ በኋላም ቢሆን ለጥቂት ሰዓታት አይንኩ። ጓንት ያደረገ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፣ በዚያው ጓንት ዓይኑን ካላሸ በቀር።