የድምፅ መልእክት ደጋሚ ሲስተካከል የሚሠሩ ስህተቶች

ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ከጣሪያው ስፒከር ያው ማስታወቂያ ደጋግሞ ሲመጣ ሰምተው ይሆናል። ጤና ጣቢያና ፓርኪንግም እንዲሁ ነው። የሚያጫውተው ብዙ ጊዜ ትንሽ ሳጥን ነው። ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ይገባበታል፤ የተቀዳውን መልእክት በተያዘለት ሰዓት ወይም ሰው ሲያልፍ ያሰማል። ዕቃው ራሱ ቶሎ አይበላሽም። ሰውን የሚያማርረው የተሞላበት ሴቲንግ ነው።

ትልቁ ስህተት መልእክቱን ያለ ፋታ ማስደጋገም ነው። ሴቲንጉ ላይ «ሉፕ» የሚል ስላለ ብዙ ሰው እሱን ነክቶ ይሄዳል። እስቲ እናስላው። 20 ሰከንድ የሚፈጅ መልእክት ያለ ዕረፍት ቢደጋገም በሰዓት 180 ጊዜ ይሰማል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 1,440 ጊዜ ይሆናል። ደንበኛው ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ጥበቃው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የስፒከሩን ገመድ ቢነቅለው አልፈርድበትም። ደንበኛውም ቢሆን ጆሮው ይለምደውና መስማት ያቆማል።

ስለዚህ በሁለት ድግግሞሽ መካከል ያለውን የዝምታ ጊዜ ከሁሉ በፊት ይሙሉ። መነሻው አድማጩ እዚያ ቦታ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሰው ግማሽ ሰዓት በሚቀመጥበት የጤና ጣቢያ አዳራሽ በየ10 ደቂቃው ቢነገር እያንዳንዱ ታካሚ ሦስት ጊዜ ያህል ይሰማዋል። ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል? ሰው ቆም ሳይል በሚያልፍበት በር ላይ ደግሞ በሰዓት ማስደጋገሙን ትተው ሰው ሲያልፍ የሚያውቅ ሴንሰር ይጠቀሙ።

ሴንሰሩ የራሱ ጣጣ አለው። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ሲገቡ መልእክቱ በእያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ይነሳል። «እንኳን ወደ... እንኳን ወደ... እንኳን ወደ...» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ማንም ሙሉውን አይሰማም። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተጀመረ መልእክት ሳያልቅ እንዳይቋረጥ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። ሁለተኛ፣ ካለቀ በኋላ ሴንሰሩ ለተወሰነ ጊዜ ምላሽ እንዳይሰጥ ያድርጉ። ርካሹ ኤችሲ-ኤስአር501 ሴንሰር ላይ ሁለት ትንንሽ በመፍቻ የሚዞሩ ማስተካከያዎች አሉ። አንዱ ሰው የሚያይበትን ርቀት፣ ሌላው ምልክቱ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። መብራት ከመጣለት በኋላ ለመረጋጋት አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ እንደሰኩት ወዲያው አይፍረዱበት።

በቁልፍ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አነሳሱን ይለዩ። ለምሳሌ አይኤስዲ1820 የተባለችው ድምፅ ቀድታ የምታጫውት ቺፕ ለማጫወቻ ሁለት መግቢያ አላት። አንዱ አንዴ ነካ ሲደረግ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያጫውታል። ሌላው ተጭነው እስከያዙት ድረስ ብቻ ይናገራል። ገመዱ በሁለተኛው ላይ ከታሰረ መልእክቱ መሐል ላይ ይቆረጥና ሰው ዕቃው ተበላሸ ይላል። በዚህችው ቺፕ የቅጂ ጊዜውን ከ8 ወደ 20 ሰከንድ ማስረዘም ይቻላል፤ ድምፁ ግን በዚያው ልክ ይታፈናል። እኔ ብሆን ጽሑፉን አሳጥራለሁ።

የእኛ አገር ልዩ ወጥመድ ሰዓቱ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ከ0 እስከ 24 የሚቆጠረውን ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት እንዲሠራ ፈልገው 2:00 እና 11:00 ብለው ከሞሉት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ማውራት ይጀምራል፤ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ዝም ይላል። ትክክለኛው 8:00 እና 17:00 ነው። ለበዓል መልእክት ቀን ሲሞሉም ይጠንቀቁ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ወደ 12 ያልፋል። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንደዚያ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለሚደጋገም መልእክት ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ መቅዳት አይመከርም። ከሰዓት በኋላ ለመጣ ሰው ግራ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሳይሞክሩ አይሂዱ። አንዳንዱ ራሱ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ቁልፍ እስኪጫኑለት ይጠብቃል። አንዳንዱም የድምፁን ልክ ረስቶ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል። የሰዓት ባትሪው ካለቀ ፕሮግራሙ በሙሉ ይዛባል። ሶኬቱን ነቅለው ይሰኩ፤ እዚያው ያዩታል።

የመጀመሪያዋ ፊደል መዋጥ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ከእንቅልፉ እስኪነቃ የቃሉ መነሻ ይቀራል። በአማርኛ ይሄ አደገኛ ነው። «አይግቡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ «ግቡ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል! በፋይሉ መጀመሪያ አንድ ሰከንድ ዝምታ ወይም አጭር ደወል ያስገቡ።

የድምፁን ልክ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ አይወስኑ። ሰው የሞላበት አዳራሽ ጫጫታው ሌላ ነው፤ በሥራ ሰዓት መጥተው ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ። ስፒከሩ አንድ ብቻ ከሆነ ፋይሉን ሞኖ (ግራና ቀኙ ያልተለየ ድምፅ) አድርገው ያስቀምጡት።

ካርዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ዲኤፍፕሌየር ሚኒን የመሰሉ ማጫወቻዎች እስከ 32 ጊጋባይት፣ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ካርድ ነው የሚያነቡት። 64 ጊጋባይት ገዝተው «አያነብም» ብለው አይጨነቁ። ፋይሎቹን 0001፣ 0002 እያሉ ሰይመው በተራ፣ አንድ በአንድ ይቅዱ፤ አንዳንዱ ማጫወቻ የሚከተለው ስሙን ሳይሆን የተቀዳበትን ቅደም ተከተል ነው።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ መልእክቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሊያስፈልግ ይችላል። ሦስቱን በአንድ ረጅም ፋይል አያጣብቁ፤ የመጨረሻውን ቋንቋ የሚጠብቀው ሰው ተሰላችቶ ይሄዳል። ለየብቻ ያስቀምጧቸውና በቅደም ተከተል፣ በመካከላቸው ፋታ እየሰጡ ያጫውቷቸው። ፋይሎቹን በዘፈቀደ የሚያጫውተውን ምርጫ ግን አይንኩ። አንዱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ሊቀር ይችላል፤ የቀረበት ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ሳይሰማ ያልፋል።

ሲጨርሱ የሞሉትን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ የካርዱንም ግልባጭ ኃላፊው ዘንድ ይተዉ።