ዲበገር የኢነም ዋጋን በትክክል ማሳየቱን እንዴት ቴስት እናደርጋለን

ኢነም (ለቁጥሮች ስም የምንሰጥበት የዋጋ ዝርዝር) ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን ዲበገር (ፕሮግራምን አቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ የምናየው ኮምፓይለሩ ከፕሮግራሙ ጋር በሚያያይዘው ዲበግ ኢንፎ ውስጥ ስለጻፈውና ዲበገሩ ደግሞ ያንን አንብቦ ከቁጥሩ ጋር ስላገናኘው ነው (ሊኑክስ ላይ ይሄ ፎርማት ድዋርፍ ይባላል)፣ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ ፕሮግራማችሁ ምንም ሳይሆን ስክሪኑ ላይ ውሸት ታያላችሁ። ቴስት የምናደርገው እሱን ነው።

ጅማ ስለሆንን ምሳሌው ቡና ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የአንድ ቡና አቅራቢ መጋዘን መዝገብ በሲ እየጻፍን ነው እንበልና «ቡና» የሚል ኢነም እናውጣ፣ ውስጡ እሸት 0፣ ጀንፈል 1፣ ቅሽር 2። ስሞቹን ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው፣ አዳዲስ ኮምፓይለሮች ፊደላችንን ቢቀበሉም ቴስት ላይ ሌላ ጣጣ ባትጨምሩ ይሻላል። ከታች ያሉትን ትእዛዞችም አጠራራቸውን ነው የጻፍኩት፣ ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ ትንሽዬ ፋይል። የኢነሙ ዓይነት የሆነ አንድ ቫሪያብል ውሰዱ፣ ጀንፈል ስጡት፣ ከዛ ምንም የማትሰራ ባዶ ፈንክሽን ጽፋችሁ ጥሯት። የባዶዋ ፈንክሽን ጥቅም ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ቦታ) ማስቀመጫ መሆኗ ነው፣ የራስት (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) ኮምፓይለር ቴስቶች ውስጥም ይቺው ዘዴ አለች፣ ስሟን ዜድ ዜድ ዜድ ብለዋታል። ብሬክፖይንቱን ቫሪያብሉ ዋጋ የሚሰጠው መስመር ላይ ካደረጋችሁ ግን ዲበገሩ መስመሩ ከመሰራቱ በፊት ስለሚቆም የምታዩት ቆሻሻ ቁጥር ነው፣ ብዙ ሰው «ዲበገሩ ተበላሸ» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ኮምፓይል ስታደርጉ ሰረዝ ጂ የግድ ነው፣ ያለሱ የኢነም ስም የሚባል ነገር የለም። ኦፕቲማይዜሽኑንም ዜሮ አድርጉት፣ አለበለዚያ «ኦፕቲማይዝድ አውት» ብሎ ዝም ሊላችሁ ይችላል።

ቀጥሎ፣ ጂዲቢን (የምንጠቀምበትን ዲበገር) ከመክፈታችሁ በፊት ምን እንደምትጠብቁ በወረቀትም በፋይልም ጻፉ። ይሄን ሰው ይዘለዋል፣ ግን መጀመሪያ ስክሪኑን አይቶ ከዛ «አዎ ልክ ነው» ማለት ቴስት አይደለም፣ ዓይን የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል።

አሁን ጂዲቢ ውስጥ ባዶዋ ፈንክሽን ላይ ብሬክ፣ ረን፣ ሲቆም ፊኒሽ ብላችሁ ወደ ጠሪው ተመለሱና ቫሪያብሉን ፕሪንት አድርጉ። ጀንፈል ማለት አለበት። ፕሪንት ስላሽ ዲ ስትሉት ደግሞ 1። ፒታይፕ ብትሉት ሙሉ ኢነሙን ከነስሞቹ ይዘረዝራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ኢነም ክላስ ከሆነ ስሙ ብቻውን አይመጣም፣ የኢነሙ ስም ከ«::» ምልክት ጋር ከፊቱ ይቀድማል፣ የምትጠብቁትን ስትጽፉ እሱን አትርሱ።

እስከዚህ ያለው ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ስለዚህ ብዙም አይጠቅምም። ዋናው ስም የሌለው ዋጋ ማስገባት ነው። እዛው ጂዲቢ ውስጥ 3ን ወደ ኢነሙ ካስት አድርጋችሁ (ዓይነቱን ቀይራችሁ) ፕሪንት በሉት። ሰው ሁሉ 3 ይላል ብሎ ይጠብቃል፣ የሚመጣው ግን በቅንፍ ውስጥ ጀንፈል፣ ቋሚ መስመር፣ ቅሽር ነው! መርካቶም ሄዳችሁ ጅማም ጀንፈልም ቅሽርም የሆነ አንድ ፍሬ ቡና አታገኙም። ምክንያቱ ጂዲቢ ዋጋዎቹን አይቶ 1 እና 2 የተለያዩ ቢቶች ስለሆኑ ኢነሙ የፍላግ (እያንዳንዱ ቢት ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ ምልክት) ስብስብ ነው ብሎ ይገምታል፣ 3 ደግሞ 1 እና 2 አንድ ላይ ነው። ባግ አይደለም፣ እንደዛ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ፈቃድ ወይም ሴቲንግ ለሚይዙ ኢነሞች በጣም ይመቻል፣ ለኛ መጋዘን ግን ያሳስታል።

ግምቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ኢነሙ ላይ «ያልታወቀ» የሚል ኔጋቲቭ 1 ጨምሩና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። አሁን 3 እንደ 3 ይመጣል፣ ኔጋቲቭ ያለበትን ጂዲቢ እንደ ፍላግ አያየውም። እሱን አጥፍታችሁ ደግሞ 9ን ሞክሩ፣ ጀንፈል እና ከጎኑ «አንኖውን» የሚል ቀሪ ያሳያችኋል። ቀሪውን ከጂዲቢ 10 ጀምሮ በሄክስ ነው የሚጽፈው፣ በፊት በተራ ቁጥር ነበር፣ ስለዚህ የጠበቃችሁት ጽሁፍ አጠገብ የጂዲቢውን ቨርዥን ጻፉ፣ አለበለዚያ ጓደኛችሁ ላፕቶፕ ላይ ቴስቱ ሲወድቅ ግማሽ ቀን ትጨቃጨቃላችሁ።

ካስቱ ላይ እንዲህ የሚባል ኢነም የለም ካላችሁ ደግሞ ዓይነቱን ፕሮግራሙ ውስጥ የትም አልተጠቀማችሁበትም ማለት ነው፣ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ) ያልተነካ ኢነምን ከዲበግ ኢንፎው ያስወጣዋል። አንድ ቫሪያብል አውጁለት፣ አለቀ።

ራስት ላይ ነገሩ ይከብዳል ምክንያቱም እያንዳንዱ ቫሪያንት (የኢነሙ አማራጭ) የራሱን ዳታ ሊይዝ ይችላል፣ ዲበገሩ መጀመሪያ የትኛው ቫሪያንት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቴስት አድርጉ፣ ዳታ የሌለው፣ ዳታ ያለው፣ እና ሪፈረንስ የያዘ ኦፕሽን (ዋጋ ካለው «ሰም»፣ ከሌለው «ነን» የሚሆን ኢነም)። የመጨረሻው ለብቻው ምልክት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ «ነን» የሚታወቀው አድራሻው ዜሮ በመሆኑ ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ሰም»ንም «ነን»ንም ሁለቱንም ፈትሹ። ጂዲቢያችሁ ከ8.2 በታች ከሆነ እዚህ ጋ ጊዜ አታባክኑ፣ አሻሽሉት። ስም የሌለው ዋጋ በኮድ ማስገባትም ራስት ላይ ክልክል ነው፣ የፕሮግራሙ ባህሪ ራሱ ዋስትና ያጣል።

በስተመጨረሻ ትእዛዞቹን በተራ አንድ ፋይል ላይ አስቀምጡና ጂዲቢን በባች ሞድ (ትእዛዞቹን በራሱ ጨርሶ በሚወጣበት) አሂዱት፣ ሰረዝ ኤንኤክስ ጨምሩበት፣ እሱ የግል ሴቲንግ ፋይላችሁን እንዳያነብ ያደርገዋል፣ የራሳችሁ ማስዋቢያ ስክሪፕት ውጤቱን እንዳይቀይርባችሁ ነው። የወጣውን ጽሁፍ ከጠበቃችሁት ጋር በዲፍ (የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው ትእዛዝ) አስተያዩ። ሁሉም ነገር አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኔትወርኩ በሄደበት ቀን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ) ተቀምጣችሁም ትሰሩታላችሁ። ከዛ ያንኑ በኤልኤልዲቢ (ሌላ ዲበገር) ድገሙት፣ እዛ ፍሬም ቫሪያብል ነው ትእዛዙ፣ አጻጻፉም ስለሚለይ የሚጠበቀውን ፋይል ለየብቻ አዘጋጁ፣ የጂዲቢውን ኮፒ አታድርጉ።