የሞተር ፎርክ ሲቀይሩ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ዘመናዊ ፎርክ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ቱቦዎች) የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውበቱን ነው። ወፍራሙ ቱቦ ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች፣ የፍሬን ዲስክ በግራና በቀኝ። እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው። ጣጣው ግን ዓይን የማያርፍበት ቦታ፣ አንገቱ ላይ (የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት የሻሲው ክፍል) ነው ያለው።

አንደኛው ስህተት ዕቃውን ቆንጥሮ መግዛት ነው። ዛሬ ቱቦውን፣ ነገ ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ብረት)፣ ከነገ ወዲያ ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመውን)። በኋላ ቸርኬው መሃል አልገባ ይላል፣ ካሊፐሩም ከዲስኩ ጋር አይገናኝም። ሁሉንም ከአንድ ሞተር ይውሰዱ፤ ቱቦዎቹን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያያይዙት ላይኛውና ታችኛው ማቀፊያ፣ ጎማው፣ ፔርኖው፣ ትንንሾቹ ቀለበቶች ሳይቀሩ። ውድ ይመስላል እንጂ መጨረሻ ላይ የሚረክሰው እሱ ነው።

አንገት ውስጥ የሚያልፈው ዘንግ ካጠረ በብየዳ ልቀጥለው የሚል አለ። ይሄን ጨርሶ አያስቡት። ፍሬን ሲይዙ ጭነቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ርዝመቱ ከተስማማ፣ ውጪው ከአንገቱ፣ ውስጡ ከአዲሱ ዘንግ ጋር የሚገጥም ኩሽኔታ መፈለግ ይበቃል። ካልተስማማ በቶርኖ ልኩን የጠበቀ ዘንግ አሠርቶ በፕሬስ ማስገባት ነው።

ብዙዎች የማይለኩት አንድ ርቀት አለ። የመሪውን ዘንግ በሐሳብ እስከ መሬት ያስረዝሙት። ጎማው መሬት የሚነካው ከዚያ ነጥብ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ይህ ክፍተት ሲሆን፣ በብዙ የመንገድ ሞተሮች 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የድሮው ማቀፊያ ቱቦዎቹን ከዘንጉ 60 ሚሊ ሜትር ወደፊት ያወጣ ከነበረና አዲሱ 30 ብቻ ካወጣ፣ ክፍተቱ ይሰፋል፤ መሪው ይከብዳል። አጭር ፎርክ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በሁለቱ ጎማዎች መሃል 1400 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ፊቱ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል አንገቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ቀጥ ይላል፤ ክፍተቱም ይጠባል። በጣም ከጠበበ መሪው በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አንዳንዴ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ እሱ ግን ዕድል ነው። ሳይገዙ በፊት በወረቀት ያስሉት።

ሞተሩ ቆሞ ሳለ አይቶ «ቦታማ ሞልቷል» ማለትም አለ። እኔ እንዲያ ብዬ ወጣሁና የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ፓራፋንጎው ከጭስ ማውጫው ጋር ተሳሳመ። ሞላዎቹን አውጥተው ፎርኩን እስከ ጥግ ይጫኑት። እንደተጫነ መሪውን ከዳር ዳር ያዙሩት። ቱቦው የነዳጅ ታንከሩን እንዳይነካ፣ የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር ይዩ።

ሞላውን እንዳለ መተውም አያዋጣም። የተሠራው ለሌላ ሞተር ክብደት ነው። ጠቅላላ እንቅስቃሴው 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎርክ፣ እርስዎ ሲቀመጡበት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ካለፈ ጠንከር ያለ ሞላ ይፈልጉ። የድሮው የፍሬን ፓምፕም ለአንድ ትንሽ ካሊፐር የተሠራ ከሆነ ሁለት ትልልቅ አይችልም፤ እጀታው መያዣው ድረስ ይገባል።

የጎን ማቆሚያውን ማንም አያስታውሰውም። ፊቱ ዝቅ ሲል ማቆሚያው ረዘመ ማለት ነው፤ ሞተሩ ሳይጋደል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኔዋን ለመጣል ትንሽ ነፋስ በቃ። ከማቆሚያው 2 ሴንቲ ሜትር አስቆርጬ ነው የተገላገልኩት።